ፓምፑ መጣ፤ የውሃ አባቱስ?

እንስራ ዛሬ ቢቸና ላይ ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ በባህል ምግብ ቤት በር ለጌጥ ቆሞ ነው። አንገቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። አንዳንዱ ከነጭራሹ ውሃ ይዞ የማያውቅ፣ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ በቀጥታ ወደ ሆቴል የገባ ነው። እኛ የእንስራ ዘመን ልጆች እንዲህ ያለውን ስናይ መጀመሪያ እንስቃለን፤ ከዚያ አጠገቡ ቆመን ፎቶ እንነሳለን።

የእኔ ትውልድ ወንድ እንስራን የሚያውቀው በእናቱ ጀርባ ላይ ነው። ገና ሳይነጋ ሴቶቹ ባዶውን አዝለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ አፉን በቅጠል ወትፈው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ ቋጥረው፣ ጎንበስ ብለው አቀበቱን ይወጣሉ። ሸክላው ባዶውን እንኳ ይከብዳል፤ ውሃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል። አንዷ ተንሸራታ እንስራዋ የተሰበረ ቀን ቤቱ ሐዘን ይገባዋል፤ ውሃውም ሸክላውም በአንድ ጊዜ ይሄዳሉና።

ምንጩ ሥርዓት ነበረው። ሰው ከአናቱ ይቀዳል፣ ከብት ከግርጌው ይጠጣል፣ ልብስ ከሁሉም በታች ይታጠባል። ይህን በወረቀት ያሰፈረ የለም፤ ያፈረሰ ሰው ግን እሑድ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ስሙ ይነሳ ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውሃው ሲቀጥን በቅል እየጨለፉ መሙላት ይመጣል። የዚያን ጊዜ ተራ ይያዛል፣ ተራው ይረዝማል፣ በተራው መሐል ወሬው ይደራል። ማን ለማን እንደታጨች፣ የማን ላም እንደጠፋች፣ የየትኛው ቀበሌ ሊቀ መንበር ምን እንደበላ እዚያው ይታወቃል። እኛ ወንዶቹ እረኞች ነን፤ ወደ ምንጩ የምንሄደው ከብት ለማጠጣት ነው። አናቱ አካባቢ ከታየን በድንጋይ ነበር የምንባረረው።

ይህን አንድ ቀን ቡና ላይ ለእታለም፣ ለታላቅ እህቴ፣ በናፍቆት አወራኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሁለተኛውን ስኒ ስትቀዳልኝ ነው የተናገረችው።

«ወንድምዓለም፣ የምትናፍቀው እንስራውን ነው ወይስ ተሸካሚዋን?»

«ሁለቱንም» አልኳት።

«እንግዲያው እስኪ አንድ ቀን አንተ ተሸክመኸው አቀበቱን ውጣና ከዚያ አብረን እንናፍቀዋለን።»

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ሁሉ የእሷ ፈቃድ ያለበት አድርጋችሁ ውሰዱት። ማንም ጀርባዋ እስካሁን ቀዝቃዛ ሲነካው የሚያማት ሴት ፊት ስለ እንስራ ውበት ማውራት የለበትም።

እንስራውን መጀመሪያ የገፋው ጀሪካን ነው። ያ የዘይት ቢጫ ጀሪካን፣ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ሌላ ዕድሜ የሚጀምረው። ይቀላል፣ አይሰበርም፣ አህያ ላይ ሁለትና አራት ሆኖ ይታሰራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ውሃ በጀርባ ሲመጣ የሴት ሥራ ነበር፤ በአህያ መምጣት ሲጀምር የልጅ ሆነ፤ ጋሪና በርሜል ሲገባ የጎረምሳ ሆነ፤ መኪና ላይ ሲወጣ የወንድ ንግድ ሆኖ አረፈው። ሸክሙ በቀለለ ቁጥር ባለቤቱ የሚቀየረው ለምን እንደሆነ እታለምን ብጠይቃት መልሱን ታውቀዋለች፤ አልጠየቅኋትም።

ቀጥሎ የእጅ ፓምፕ መጣ። በአማራ ክልል የገጠር ውሃ ሥራ ከፊንላንድ መንግሥት በተገኘ ድጋፍ ከ1987 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፣ ብዙ ምንጮች በግንብ ታጥረዋል። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ አሠራሩ ተለወጠና ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደሩ ሰው በቀጥታ ይሰጥ ጀመር፤ ሰው ራሱ ኮሚቴ መርጦ፣ ራሱ ግንበኛ ቀጥሮ፣ ራሱ ሲሚንቶ ገዝቶ ይሠራል። እኔ ከመጡት ሁሉ የማከብረው ይህን አሠራር ነው። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ከአፍሪካ ገጠር ሰው ጋር እንዲስማማ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የሚበላሽበትን የጎማ ቀለበት የመንደሩ ሰው በራሱ መቀየር ይችላል። እስከ 45 ሜትር ከሚጠልቅ ጉድጓድ ያወጣል። አጥር ነበረው፣ ቁልፍ ነበረው፣ ቁልፉን የያዘች ሴት ነበረች። ጠዋት ትከፍታለች፣ ረፋድ ላይ ትዘጋለች። ልጆች እጀታው ላይ ተንጠልጥለው ሲጫወቱ ካየች ወዮላቸው። ውሃው ጠባቂ ነበረው ለማለት ነው።

ከመጠጥ ውሃው ጎን ለጎን የመስኖው ውሃ የራሱ ዓለም ነበረው። ጮቄ ተራራ ለእኛ ለምሥራቅ ጎጃሞች ጎተራችን ነው፤ የሙጋና የሱሃ ወንዞች ከእሱ ወርደው ዓባይ ይገባሉ። ከእነሱ ሥር ያሉትን ትናንሽ ጅረቶች ገበሬው በድንጋይና በጭቃ ጠልፎ በቦይ ወደ ጓሮው ያመጣል። ክረምቱ ሲወጣ ቦዩ በጋራ ይጠረጋል፤ ያልመጣ ይቀጣል። ከዚያም የውሃ አባት ይመረጣል። የውሃ አባት ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ዱላ ብቻ ነው ያለው። የማን ድንች መቼ እንደሚጠጣ፣ የማን ሽንኩርት ሌሊት ተራ እንደሚደርሰው እሱ ይወስናል። የእኛ የውሃ አባት ቀጭን፣ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። የገዛ አማቻቸው ያለ ተራው ቦይ ሰብሮ ቢገኝ ቀጥተውታል ይባላል፤ ቤታቸው ውስጥ ከዚያ በኋላ ምን እንደገጠማቸው ግን አይባልም። ጅረቱ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚቆመው ከላይ ያለው የእሳቸው የራሳቸው ጓሮ ነበር። ሥልጣናቸው ሁሉ የቆመው በዚህች ላይ ነው።

ሞተሩ የገባው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ሁለት ሰው አንሥቶ አህያ ላይ የሚጭነው። ገደሉ ሥር የሚፈሰው ውሃ ከዚያ በፊት ለላይኛው ማሳ ምንም አልነበረም፤ ቦይ ሽቅብ አይወጣምና። ሞተሩ አወጣው። ሽንኩርት ተተከለ፣ ጎመን ተተከለ፣ ኋላም የበጋ ስንዴ መጣ። የቆርቆሮ ክዳን የተቀየረው፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባው በዚህ ሽንኩርት ነው። ይህን ሳልናገር ሐሜት ብቻ ባወራ ግፍ ይሆንብኛል።

ሞተሩ ሲመጣ ግን መመሪያውን ያነበበ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው ሁሉ ሞተሩን ከገደሉ አናት ላይ አስቀምጦ ቱቦውን ወደ ታች ይለቅና «ቻይና አታለለን» ይል ነበር። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን ራሱ አያነሳም፤ አየር ነው ከታች የሚገፋለት። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሳል። ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና አየሯ ስስ ነው፤ በስሌት 7 ሜትር ተኩል ገደማ፣ በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ 5 ወይም 6 ሜትር ቢሆን ነው። ሞተሩም ራሱ የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ከዚያ እየገፋ ወደ ላይ ይልካል። ዛሬ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ያስተማረውም የተቃጠለ ሞተር ነው።

የከፍታን ነገር ካነሳን ዘንድ፣ ጎረቤቶቻችን ሞጣዎች በዚህ የሚበልጡን ታሪክ አላቸው። ከሞጣ ወደ ጎንደር የሚያሻግረው፣ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ በኋላ እስኪጠገን ድረስ በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከማዶ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ዓባይን እንዲህ የተሻገረ ሕዝብ ዓባይን ወደ ማጀቱ መጎተት ግን አልቻለም። ከደጋችን እስከ ዓባይ ውሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ከታች እያገሳ ያልፋል፤ እኛ ከላይ በሚያዝያ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ባለ 3 ኢንች ሞተር በደቂቃ 800 ሊትር በቀላሉ ይስባል። በሰከንድ 1 ሊትር የምትሰጥ ምንጭ፣ በእኛ አገር ደህና ምንጭ የምትባለው፣ ቀንና ሌሊት ሳታቋርጥ 86,400 ሊትር ታወጣለች። ሞተሩ ይህን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከላይ አንድ ሰው ሌሊት ሞተር ካስነሳ ከታች ያሉት ጠዋት እርጥብ ድንጋይ ያገኛሉ። የውሃ አባቱ ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ ግን ምን ይቆጣጠሩ? ቦይ ሲሰበር ይታያል፤ ቱቦ ሣር ውስጥ ተደብቆ ያድራል። «ውሃው የጋራ ነው» ሲሉት «ቤንዚኑ የእኔ ነው» የሚል ጎረምሳ መጣባቸው። እንዲህ ያለ መልስ በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም። ሽማግሌው ሲያርፉ የተካቸው የለም። በስብሰባ ላይ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ኮሚቴው ማኅተም አለው፣ ዱላ የለውም።

ሕጉ እንዳይመስላችሁ የጎደለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልግም ብሎም ያልፋል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ወጣ። ሞተሩ ባህላዊ መስኖ ውስጥ ይግባ ዘመናዊ ውስጥ እስኪወሰን ጅረቱ አይጠብቅም። መለካቱም ለእኛ አገር ሰው አይዋጥለትም። ቢቸናና ሞጣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን «የመሬት ልኬት አዋቂ ሊገባብን ነው» ብለው ጠርጥረው ያመፁ፣ በአውሮፕላን የተደበደቡ አውራጃዎች ናቸው። መሬቱን አላስለካም ያለ ሰው ልጅ ውሃውን በሊትር ለመለካት እሺ ይላል ብላችሁ ነው?

የቤንዚኑ ነገር ደግሞ እንደምታውቁት ሆነ። ድጎማው ተነሣ፣ ዋጋው ወጣ፤ በኋላም በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ከጓሮ የሚሸጥ ውድ ዕቃ ሆነ። አንዳንዱ ሞተሩን በጆንያ ሸፍኖ አስቀመጠ። ሌላው ወደ ፀሐይ ዞረ፤ ጥቁር ሰሌዳ ጣራ ላይ ወይም ማሳ ዳር ተተክሎ ትንሽ ፓምፕ ያዞራል። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ቤንዚን ፍለጋ መንከራተት የለ። ፀሐይዋ የምትበረታው ደግሞ ውሃ በሚፈለግበት በበጋ ነው። እኔም ሳየው እግዚአብሔር ይስጠው ብያለሁ።

ዳሩ ግን ቤንዚን ውድ በመሆኑ የሚሠራው አንድ ደግ ሥራ ነበረው፤ ገበሬው ማሳው ሲጠግብ ሞተሩን ያጠፋ ነበር። ፀሐይን ማን ያጠፋል? ሰሌዳው እያለ ፓምፑ ይዞራል፣ ውሃው ተርፎ ወደ መንገድ ይፈሳል፣ የሚቆጨው የለም። የመን ውስጥ ይህ በትልቁ ታይቷል። በእኛ አቆጣጠር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ነዳጁን ሲያጠፋ ገበሬው በብዛት የፀሐይ ፓምፕ ተከለ፤ ቀድሞም ይወርድ የነበረው የሰንዓ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ የሚያሳስብ ሆኗል።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ መኪና እንሂድ። አነስተኛ አይሱዙ ነው፤ ከኋላው ጥቁር ሮቶዎች ተጭነውበታል። ቦቴ መግዣ አቅም የለውም፤ ይህ የእሱ ቦቴ ነው። የከተማው ቧንቧ ሲጠፋ ለሆቴል፣ ግንባታ ላይ ላለ ሰው፣ በጥር ለሠርግ ቤት ውሃ ያደርሳል። ፓምፑ በሁለት እጅ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት። ቀዩንና ጥቁሩን ገመድ ከመኪናው ባትሪ ጋር ያያይዛል፣ ጫፉ ወንፊት ያለበትን ቱቦ ጭቃ እንዳይስብ ከታች ከፍ አድርጎ ውሃው ውስጥ ያንጠለጥላል፣ ማብሪያውን ይጫናል። ስልኩን እያየ ቁጭ ይላል፤ ሮቶው በደቂቃ 30 ሊትር ያህል እየተቀበለ ይሞላል።

«ዋናው ባትሪው ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ከግማሽ በታች ካወረድኩት ይሞታል። ገመዱን ከገለበጥኩ ፊውዙ ይሄዳል። ውሃ ሳይኖር ከዞረች ደግሞ ራሷን ትበላለች።»

ከልማዴ ሒሳብ አወጣሁ። 12 ቮልት 70 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ ውስጥ 840 ዋት-ሰዓት ጉልበት አለ። 1,000 ሊትር ውሃ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ በንጹሕ ስሌት 27 ዋት-ሰዓት ይበቃል፤ ትንሿ ፓምፕ አብዛኛውን ስለምታባክን 80 እንበለው። ግማሹን ባትሪ ብቻ ቢጠቀም 5,000 ሊትር ያነሳል። ይህ በ20 ሊትር እንስራ 250 ምልልስ ነው። ለእታለም ነገርኳት። ከልጇ ፓምፕ ይልቅ በቁጥሩ ተገረመች፤ «ያን ሁሉ ጊዜ የት አደረግነው?» አለች። የተሸከመችበትን ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለችውን ፓምፕ ካናዳ ያለ ዘመዳችን በሌላ ሥራ ላይ አይቷታል። እነ ኩቤክ ክረምታቸው ሲወጣ ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ግንዱን በስተው የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ፈሳሽ ያጠራቅማሉ። ጫካ ውስጥ በየበርሜሉ የተጠራቀመውን በባትሪ ፓምፕ ስበው መኪና ላይ ወዳለ ታንከር ይልኩታል፤ 40 ሊትር ያህሉ ፈልቶ 1 ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓምፕ የያዙት እነዚያ ሰዎች ግንዱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልወፈረ አይበሱትም፤ ወፍራሙንም ቢሆን ከሁለት ቀዳዳ በላይ አያበዙበትም፣ የአምናውን ቀዳዳ ሥፍራም አይደግሙም። ዛፉ የሰውዬው ነው፣ ከልካይ የለበትም፤ ግን ለከርሞም እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

የእህቴ ልጅ የሚቀዳው ሌሊት ነው። ምንጩ ሲያድር ይጠራቀማል፣ እሱ ከዶሮ ጩኸት በፊት ደርሶ ይሞላል፣ ሲነጋ ጀሪካን ይዘው የሚወርዱት ልጃገረዶች ድፍርስ ያገኛሉ። መጥፎ ልጅ አይደለም። የመኪናው ዕዳ አለበት፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ለልቅሶ ቤት ውሃ በነፃ ያደርሳል። ደርሶ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው እንጂ የሚዋሸው ነገር የለም። ከምንጩ አናት ላይ የነበረውን ቁጥቋጦ ሰው ጨርሶታል፤ በቦታው ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ ባለ ባሕር ዛፉ ሌላ ሰው፣ ባለ ሞተሩ ሌላ ሰው፣ ባለ መኪናው ሌላ ሰው ነው። በአንድ ምንጭ ዙሪያ ቆመን ብንጠያየቅ ሁላችንም ጥሩ ምክንያት አለን። ምንጩን በመወከል የሚናገር ብቻ ነው የጠፋው።

እታለም በዚህ ጉዳይ ልጇን ስትወቅስ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱ ሲወጣ፣ «እኛ ቢያንስ ተራ ነበረን» ብላለች። ይህን ስትል ናፍቆት አልነበረባትም፤ ብድር ያልተመለሰለት ሰው ዓይነት ድምፅ ነበር።

አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ሆናችሁ ለቢቸናም ለሞጣም ገጠር ፓምፕ ለመላክ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖቼ፣ መልካም ታደርጋላችሁ፤ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ግን በሚያዝያ ወር አንድ ሰው 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ምንጩ አፍ ላይ ይደግንና በስልኩ ሰዓት ይያዝላችሁ። በ20 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ 1 ሊትር ይሰጣል። ከዚያ በላይ ከፈጀ ባለ 3 ኢንቹን ሞተር ተዉት፤ በገንዘቡ ሌሊት ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ፣ ለአናቱ አጥር፣ አንድ ትንሽ የፀሐይ ፓምፕ አሠሩበት። ከገንዳው መክፈቻ ቁልፍ ጋር የሚውል ሰውም ምረጡ፤ ደመወዝ ክፈሉት፣ ወይም ክፈሏት። እህቴን ብትጠይቋት ሴት ትሁን ትላለች።